ከቅኔ ቤት እስከ አትላንቲክ ሲቲ፦ ሐዲስ ዓለማየሁና የተለወጠው ፈተና

ሐዲስ ዓለማየሁ ሲባል አብዛኞቻችን ቀድሞ የሚመጣብን «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። በዛብህ፣ ሰብለ ወንጌል፣ ጉዱ ካሳ። መጽሐፉን ያላነበበ እንኳ ስማቸውን ያውቃል። ደራሲው ዲፕሎማትና ሚኒስትር እንደነበሩም ብዙ ሰው ሰምቷል። በሕይወት ታሪካቸው ውስጥ ግን ሁሌ በአንድ መስመር ብቻ የሚታለፍ ነገር አለ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ አሜሪካ ውስጥ አትላንቲክ ሲቲ በተካሄደው ዓለም አቀፍ የቴሌኮሙኒኬሽን ጉባኤ የኢትዮጵያ ልዑክ ነበሩ።

እስኪ ዛሬ እዚያች መስመር ላይ ቆም እንበል። ምክንያቱም እ.ኤ.አ. በ1947፣ ማለትም በእኛ በ1939 ዓ.ም. ዓለም እዚያች ከተማ ተሰብስቦ የራዲዮ ሞገዶችን ሲከፋፈል፣ አንድ ሰው የአማተር ራዲዮ ፈቃድ ለማግኘት ምን ተፈትኖ ማለፍ እንዳለበትም አብሮ ወስኗል። ያ ፈተና ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ ተለዋውጧል። የመጨረሻው ለውጥ የመጣው ደግሞ ሐዲስ ባረፉበት ዓመት ነው። የፈተና መስፈርት ተለወጠ ሲባል እኛም አገር ብዙ ሰው ስለሚደነግጥ፣ ታሪኩ ከእናንተ ጋርም ይገናኛል።

የጆሮ ትምህርት

ሐዲስ በ1902 ዓ.ም. ጎዛምን ውስጥ፣ ከደብረ ማርቆስ አቅራቢያ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወለዱ። አባታቸው ቄስ ነበሩ። ያደጉት ግን በእናታቸው በወይዘሮ ደስታ ዓለሙ እጅ ነው። በዚያ ዘመን አንድ የገጠር ልጅ መማር ከፈለገ ያለው መንገድ አንድ ነው፤ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ቁራሽ እየለመነ፣ ከደብር ደብር መዞር። ሐዲስም በዚሁ መንገድ ሄዱ። ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅ፣ ዲማ ጊዮርጊስ ተምረዋል። ሦስቱም ዛሬ በምሥራቅ ጎጃም ዞን ውስጥ ናቸው። ቁይ፣ ቢቸና ወይም ሉማሜ ያደገ አንባቢ ስማቸውን ከአያቶቹ አፍ ሰምቷል።

የቅኔ ቤት ፈተና ምን እንደሚመስል ለማታውቁት ባጭሩ እንናገር። ወረቀት የለም። ምርጫ «ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ» የለም። ተማሪው መጀመሪያ ባለ ሁለት ቤቱን ጉባኤ ቃና ይቆጥራል። ከዚያ ባለ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየና ሚ በዝኁ ይመጣሉ። ከዚያ ዋዜማ፣ ሥላሴ፣ ዘይእዜ እያለ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይወጣል። በየደረጃው የራሱን አዲስ ቅኔ ፈጥሮ በመምህሩ ፊት መንገር አለበት። ትናንት ሌላ ሰው የተቀኘውን ማምጣት ውርደት ነው። ቤቱ ቢሰበር፣ ሰሙ ከወርቁ ባይገጥም፣ መምህሩ እዚያው ያርሙታል። በመጨረሻ የበቃው ተማሪ አስመስክሮ ይወጣል፤ ቃሉ ራሱ የመጣው ከምስክር ነው። ዲፕሎማው የመምህሩ ምስክርነት ነው ማለት ነው።

ይህ ሁሉ የሚደረገው በጆሮ ነው። ተማሪው ይሰማል፣ በልቡ ይይዛል፣ በአፉ ያወጣል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ አትላንቲክ ሲቲ ስንደርስ እንመለስባታለን።

ሐዲስ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። መጀመሪያ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎ በ1917 ዓ.ም. በተከፈተው ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ገቡ። እዚህ ጨዋታው ሌላ ነው። ጥቁር ሰሌዳ አለ፣ ደብተር አለ፣ የፈረንጅ ቋንቋ አለ። አንድ ወጣት በአንድ ዕድሜው ሁለት ፍጹም የተለያዩ መስፈርቶችን ማለፍ ነበረበት። በአንዱ ቤት ሊቅ የተባለ፣ በሌላው ከፊደል ይጀምራል።

ሽቦው፣ ራዲዮው፣ እስር ቤቱ

በዚህ መሀል አገሪቱም አዲስ የመግባቢያ ዘዴ እየተማረች ነበር። ቴሌግራፍ በምኒልክ ዘመን ገብቷል። ከአዲስ አበባ ሐረር የተዘረጋው 477 ኪሎ ሜትር መስመር የዛሬው የኢትዮ ቴሌኮም ታሪክ መነሻ ነው። በሽቦው ላይ የሚሄደው ድምፅ ሳይሆን ነጥብና ጭረት፣ ማለትም የሞርስ ምልክት ነበር። አጭር ድምፅ ነጥብ፣ ረዥም ድምፅ ጭረት። በሁለቱ ጥምረት ፊደል ይሠራል። ፊልም ላይ የምታዩት የድረሱልኝ ጥሪ ሦስት ነጥብ፣ ሦስት ጭረት፣ ሦስት ነጥብ ነው። ራዲዮ ሲመጣም ያው ቋንቋ ያለ ሽቦ በአየር መሄድ ጀመረ። አቃቂ ላይ የተተከለው የራዲዮ ጣቢያም ሥራ የጀመረው ጦርነቱ ሊፈነዳ ሲል ነበር።

በ1928 ዓ.ም. ሐዲስ በልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ሥር ከጎጃም ጦር ጋር ወደ ሽሬ ዘመቱ። ያ ጦርነት የቦምብና የመርዝ ጋዝ ብቻ ሳይሆን የመረጃም ጦርነት ነበር። የኢጣልያ ጦር በአየር የሚሄደውን የኢትዮጵያ የራዲዮ መልእክት እየጠለፈ ያነብ ነበር። አንድ ወገን በሞገዱ ላይ ሠልጥኖ ሌላው ገና ሲጀምር ምን እንደሚከተል ከዚህ በላይ ማሳያ የለም።

ከሽሬው ሽንፈት በኋላ ራስ እምሩ ወደ ምዕራብ አፈግፍገው ትግሉን ቀጠሉ። ሐዲስም አልተለዩአቸውም። በ1929 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ጎጀብ ወንዝ አካባቢ ተከበው እጃቸውን እስኪሰጡ ድረስ አብረው ነበሩ። ከዚያ ወደ ኢጣልያ ተጋዙ፤ ፖንዛ ደሴት፣ ቀጥሎ ሊፓሪ። የተባበሩት መንግሥታት ጦር ነፃ እስኪያወጣቸው ሰባት ዓመት ያህል አለፈ። ሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ገብተው ሠላሳዎቹን አጋምሰው ወጡ እንደማለት ነው። የዚያን ዘመን ታሪክ ራሳቸው «ትዝታ» በተባለው መጽሐፋቸው በ1985 ዓ.ም. አስቀምጠውልናል። የሽሬን ዘመቻ ከተራ ወታደር አጠገብ ሆኖ ማየት የሚፈልግ ያንብበው።

አትላንቲክ ሲቲ

ከእስር እንደወጡ ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ገቡ። በኢየሩሳሌም ቆንስል ሆኑ። ቀጥሎም አሜሪካ፣ ያ ጉባኤ፣ ከዚያ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት።

አትላንቲክ ሲቲ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመጀመሪያው ትልቁ የራዲዮ ጉባኤ ነበር። ከዚያ በፊት አገሮች እንዲህ የተሰበሰቡት ካይሮ ላይ እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። በመሀል ጦርነቱ ሁሉን ነገር ቀይሮታል። ራዳር መጥቷል፣ አውሮፕላን በዝቷል፣ እያንዳንዱ አገር ሞገድ ይፈልጋል። ሞገድ ደግሞ እንደ መሬት ነው፤ ሁለት ሰው በአንድ ማሳ ላይ ቢያርስ ሁለቱም አያጭዱም። ስለዚህ የቱ ለመርከብ፣ የቱ ለአውሮፕላን፣ የቱ ለዜና ጣቢያ እንደሚሆን በስምምነት ይወሰናል። እዚያ ያልተወከለ አገር ሌላው ቆርሶ የሰጠውን ይቀበላል። ኢትዮጵያ ሰው የላከችው ለዚህ ነው። ከነፃነት ገና ስድስት ዓመቷ ነበር።

በዚያ ክፍፍል ድርሻ ካገኙት መካከል አማተሮች ይገኙበታል። አማተር ራዲዮ ማለት ለንግድ ሳይሆን ለመማር፣ ለመሞከርና ለመገናኘት ሲል በራሱ ጣቢያ ሞገድ የሚያስተላልፍ ሰው ሥራ ነው። በዓለም ዙሪያ «ሃም» ይባላሉ። ሲም ካርድ የለም፣ ዳታ የለም፣ ማማ የለም። አንቴናና መሣሪያ ካለህ፣ ሞገዱ ሰማይ ላይ ነጥሮ ሌላ አህጉር ይወርዳል። አትላንቲክ ሲቲ ላይ ዛሬም የሚወደደው የ21 ሜጋ ኸርዝ ሞገድ ለአማተሮች ተሰጠ።

ከዚህ ጋር ሕጉ አንድ ነገር አጸና። አማተር ጣቢያ የሚያንቀሳቅስ ሰው የሞርስ ጽሑፍ መላክና በጆሮው ሰምቶ መቀበል እንደሚችል ማስመስከር አለበት። አያችሁ? በጆሮ። ከዲማ ጊዮርጊስ ጉባኤ የመጣ ሰው ይህን አንቀጽ ሲያነብ ያልተለመደ ነገር አይሆንበትም። ከግዴታው ነፃ የሚሆነው ከ1,000 ሜጋ ኸርዝ በላይ ብቻ የሚሠራ ነው። በዚያ ጊዜ እዚያ ከፍታ ላይ የሚሠራ አማተር ጥቂት ስለነበር፣ በተግባር ሁሉም ሰው ሞርስ ይፈተናል ማለት ነው።

ለምን ሞርስ? ባለሥልጣናቱ ሰውን ለማሰቃየት አልነበረም። በዚያ ዘመን መርከቦች ከባሕር መሀል እርዳታ የሚጠሩት በሞርስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 ታይታኒክ ስትሰጥም አሜሪካ የራዲዮ ሕግ ያወጣችው በዚያው ዓመት ነው። አንድ አማተር ሳያውቅ በአደጋ ጥሪ ላይ ቢያስተላልፍ፣ ዝም በል የሚለው ትእዛዝ የሚደርሰው በሞርስ ነው። ካልገባው ሰው ይሞታል። መስፈርቱ ምክንያት ነበረው።

ሲላላ ወይስ ሲለወጥ?

ከዚያ በኋላ የሆነውን ተከታተሉ። እ.ኤ.አ. በ1959 ነፃ የሚያደርገው ወለል ከ1,000 ወደ 144 ሜጋ ኸርዝ ወረደ። በ1979 ወደ 30 ወረደ። በ1999 የዓለም መርከቦች የአደጋ ጥሪያቸውን በሳተላይትና በዲጂታል አደረጉ። በዚህ ጊዜ የመስፈርቱ ዋና ምክንያት ጠፋ። በመጨረሻም ሰኔ 27 ቀን 1995 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ በተጠናቀቀው ጉባኤ ግዴታው ተነሣ። ሞርስ መፈተን አለመፈተን የየአገሩ ምርጫ ሆነ።

ስዊዘርላንድ፣ እንግሊዝና ጀርመን ወዲያው አነሡት። አሜሪካ ቀስ ብላ ነው የሄደችው። እዚያ ቀድሞ ሦስት ደረጃ ነበር፤ በደቂቃ 5፣ 13 እና 20 ቃል። አንድ ቃል በአምስት ፊደል ስለሚቆጠር፣ 20 ቃል ማለት በደቂቃ 100 ፊደል በጆሮ እየያዙ መጻፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ለመጀመሪያው ደረጃ ሞርስ ቀረ። በ2000 ለሁሉም 5 ቃል ሆነ። የካቲት 2007 ላይ ጨርሶ ጠፋ።

ያኔ አሮጌዎቹ አማተሮች ምን ያሉ ይመስላችኋል? ያው እኛም አገር የምንሰማውን ነው። ትምህርት ሞተ፣ ዛሬ የሚያልፈው ሁሉ እንደ እኛ አልደከመም፣ ሞገዱ በዋልጌ ሊሞላ ነው አሉ። የሆነው ግን ሌላ ነው። በአሜሪካ 650 ሺህ ገደማ የነበረው ባለፈቃድ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ700 ሺህ አለፈ። ፈተናውም አልጠፋም። የመጀመሪያው ደረጃ 35 ጥያቄ አለው፤ 26 መመለስ ግድ ነው። ከፍተኛው ደረጃ 50 ጥያቄ፣ ማለፊያው 37። የሚጠየቀው ስለ ሕጉ፣ ስለ ኤሌክትሪክና ሞገድ፣ ስለ ደኅንነት፣ ሌላውን ሳይረብሹ ስለመሥራት ነው። ጥያቄዎቹ ከነመልሳቸው ቀድመው ለሕዝብ ይወጣሉ። የሚሠረቅ ነገር የለም፤ ያጠና ያልፋል።

ሌላም የሚገርም ነገር አለ። ግዴታው ሲነሣ ሞርስ አልሞተም። ዛሬም በአጭር ሞገድ ላይ ሌት ተቀን ይሰማል። አሁን የሚማሩት ስለተገደዱ ሳይሆን ስለወደዱት ነው። በደካማ መሣሪያ፣ በትንሽ ጉልበት፣ ድምፅ በማይሰማበት ቦታ ሞርስ ያልፋል።

የሐዲስ ቀሪ ዘመን

ወደ ሐዲስ እንመለስ። ከተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በኋላ በውጭ ጉዳይ ከፍተኛ ኃላፊነት ያዙ። የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ። በእንግሊዝና በኔዘርላንድ አምባሳደር ነበሩ። የልማትና የፕላን ሚኒስትርነትንም ሠርተዋል። ልብ በሉ፣ የቅኔ ተማሪ የነበሩት ሰው የአንድ አገር የትምህርት መስፈርት የሚወጣበት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ከሥራዎቻቸው አንዱም «የትምህርትና የተማሪ ቤት ትርጉም» ይባላል። «ተረት ተረት የመሠረት» ደግሞ የልጆችን ተረት ወደ መጽሐፍ ያመጡበት ነው።

ከለንደን ከተመለሱ በኋላ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር» ታተመ። ዋናው ሰው በዛብህ ማን እንደሆነ አስቡ፤ የቅኔ ተማሪ፣ ኋላም መምህር። በዕውቀቱ ሁሉን ፈተና አልፏል። በትውልድ መስፈርት ግን ይወድቃል። የሰብለ ወንጌል አባት ፊታውራሪ መሸሻ የሚጠይቁት የት ደረስክ ሳይሆን የማን ዘር ነህ ነው። ሐዲስ በሙሉ መጽሐፍ ያሳዩን አንድ ነገር ይህ ነው፤ ሊሻሻል የሚገባው መስፈርት አለ፣ ምክንያቱ ሞቶ እያለ ሰው የሚገድል።

መጽሐፉ ብዙ ኢትዮጵያዊ ጋር የደረሰው በወረቀት ሳይሆን በሞገድ ነው። ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ራዲዮ ሲተርከው፣ ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ ሳይቀር በዛብህን በጆሮው አወቀው። አትላንቲክ ሲቲ ላይ ለሞገድ ድርሻ የተወከሉት ሰው፣ በመጨረሻ ታሪካቸው በሞገድ ላይ ተሳፍሮ ወደ ጎጃም ገጠር ተመለሰ።

በ1966ቱ ለውጥ ጊዜ የጠቅላይ ሚኒስትርነት ሹመት ቀርቦላቸው እንዳልተቀበሉ የሕይወት ታሪካቸው ይነግረናል። ከዚያ በኋላ የጻፉ እንጂ የተሾሙ ሰው አልነበሩም። «ወንጀለኛው ዳኛ» በ1974፣ «የልም ዣት» በ1980 ወጡ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው። ኅዳር 1996 ዓ.ም. ዘጠና ዓመት አልፏቸው አረፉ። የሞርስ ግዴታ ከተነሣ ገና አምስት ወሩ ነበር። ዛሬ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በስማቸው የባህል ጥናት ተቋም አለ።

ለእናንተ ምን ይላል?

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ሲጀምር፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ክርክሩ ሁለት ነበር። ግማሹ መስፈርቱ ከበደ አለ፣ ግማሹ ድሮም እንዲህ መሆን ነበረበት አለ። ከዚያ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ለወራት የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ፈተናው ላይ እንኳ መቀመጥ ያልቻለ የጎጃም ልጅ ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ቁይ ወይም ደብረ ወርቅ ለተቀመጠ ተማሪ ጥያቄው ማለፊያው ስንት ነው ሳይሆን መቼ ነው የምፈተነው ሆኖበታል።

የአማተር ራዲዮው ታሪክ ለዚህ ክርክር የሚጠቅም አንድ መለኪያ ይሰጣል። ፈተና ሲከብድ ወይም ሲቀል፣ የሚጠየቀው ያ መስፈርት ለምን ተቀመጠ፣ ምክንያቱስ ዛሬም አለ ወይ ነው። ሞርስ የተቀመጠው ሰው እንዳይሞት ነበር፤ መርከቦቹ ሲተዉት ተነሣ። ስለ ሕግ፣ ስለ ደኅንነት፣ ሌላውን ስላለመረበሽ የሚጠየቀው ግን ምክንያቱ አልሞተምና አልተነሣም። የቅኔው ፈተናም እንደዚያው ነው። ኮረጃ የማይቀበለው፣ የራስን አዲስ ነገር መፍጠር ዛሬም ትርጉም ስላለው ነው። አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የቤት ሥራ በሚሠራበት ዘመን እንዲያውም ትርጉሙ ብሷል። መምህር ፊት ቆሞ በአፍ መንገርን ያህል ማጭበርበር የሚያስቸግር ፈተና ገና አልተገኘም።

ነገሩ የሳባችሁ ካላችሁ መጀመር ከባድ አይደለም። ስልካችሁ ላይ ያለው የጉግል ኪቦርድ ጂቦርድ የሞርስ ገበታ አለው፤ በቀን አሥር ደቂቃ ቢበቃው ነው። በኢንተርኔት የሚከፈቱ የዓለም ራዲዮ መቀበያዎች አሉ፤ አውሮፓ ያለ አማተር ሲያወራ ከስልካችሁ ትሰማላችሁ። አዲስ አበባ 5 ኪሎ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ውስጥ «ኢቲ 3 ኤኤ» የሚባል የአማተር ክበብ ጣቢያ አለ፤ ከኢትዮጵያ የሚወጣ ጥሪ ሲሰማ በዓለም ያሉ አማተሮች ይሻማሉ፣ ምክንያቱም ከእኛ አገር የሚጠራ ሰው ጥቂት ነው። ማስተላለፍ ግን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ጉዳዩ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ርካሽ የእጅ ራዲዮ ያለ ፈቃድ ማስገባትም ሆነ መጠቀም ችግር ውስጥ ይከታል፤ አታድርጉት።

ሐዲስ ዓለማየሁ እንዶዳም ሲወለዱ በአካባቢው ሞገድ የሚባል ነገር የሚያውቅ አልነበረም። የተማሩት በጆሮ ነው፣ አገራቸውን የወከሉት ደግሞ ሞገድ በሚከፋፈልበት ጉባኤ። ቀጣዩ የሞገድ ጉባኤ ሲጠራ ኢትዮጵያ አሁንም ሰው ትልካለች። ያ ሰው ዛሬ ቁይ ላይ ፈተናውን የሚጠብቅ ልጅ ሊሆን ይችላል። እንዲሆን ግን መጀመሪያ ትምህርት ቤቱ መከፈት አለበት።